ዙፋንና ሸንጎ በሀዲያና በከምባታ ምድር

የአገር ራስ በዘር የሚወርስ ንጉሥ ይሁን ወይስ ሰው መክሮ የሚመርጠው አለቃ የሚለው ክርክር በሀዲያና በከምባታ የምርጫ ኮሮጆ ከመታየቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በኑሮ የተፈተነ ነው። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የሚጓዝ ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ሁለቱም ዓይነት አገዛዝ የነበረበትን ምድር ያቋርጣል። ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ ባደዋቾ እየተባሉ የሚጠሩት ሀዲያዎች ጥንታዊ መንግሥታቸው ከተበተነ ወዲህ አንድ ንጉሥ ሳይኖራቸው በጎሳ አለቆችና በሽማግሌዎች ጉባኤ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ጎረቤታቸው ከምባታ ግን የሀምበሪቾን ተራራ ተገን አድርጎ፣ ዎማ የሚባል ንጉሥ አንግሦ፣ ዙፋኑን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አቆይቷል። ቋንቋቸው ዝምድና አለው፤ ሁለቱም ከእንሰት ይኖራሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ይጋባሉ። ይህን ያህል የሚመሳሰሉ ሕዝቦች በአገዛዝ ረገድ የተለያየ መንገድ መያዛቸው ታሪካቸውን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማመሳከሪያ ያደርገዋል።

ሀዲያም ቢሆን በመጀመሪያ የነገሥታት አገር ነበረ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዐረባዊው አል ዑመሪ በዘመኑ ከነበሩት ሰባት የኢትዮጵያ እስላማዊ ግዛቶች መካከል ሀዲያን ይጠቅሳል። የሀዲያ ገዥ ከሰባቱ ሁሉ ኃያል እንደነበረ፣ 40,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍና የእግረኛው ብዛት ከዚያ እጥፍ እንደሚሆን ያወሳል። ጸሐፊው አገሩን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረምና ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አያስፈልግም። ሆኖም የሀዲያ ዝና ካይሮ ድረስ መሰማቱን ምስክርነቱ በሚገባ ያሳያል። ያ ሀዲያ ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋና ወደ ምሥራቅ ርቆ የሚዘልቅ ነበር።

ይህ ኃያል መንግሥት በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1316 እስከ 1317 ባለው ጊዜ፣ ለክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት ገባር ሆነ። በኋላ ደግሞ ንጉሥ አማኖ ግብር አልልክም፣ እጅ ለመንሣትም አልመጣም ብሎ አመፀ። የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚለው ለዚህ ያበቃው በልዓም የሚባል ነቢይ ነኝ ባይ የሰጠው ምክር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘምቶ አማኖን ማረከው፤ ሕዝቡም ከንጉሡ ጋር ተማረከ። አንድ ሰው በአንድ አማካሪ ቃል ተመርቶ ያደረገው ውሳኔ የመላውን አገር ዕጣ ወሰነ። በዘመኑ የነበሩት ነገሥታት ሁሉ ከሞላ ጎደል እንዲህ ያደርጉ ስለነበር አማኖን ለብቻው መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ጉድለቱ የአሠራሩ ነው፤ ንጉሡ ሲሳሳት ከውሳኔው የሚመልሰው ከእሱ በላይ የሆነ ጉባኤ አልነበረም።

የዙፋኑን ደግ ጎን ለማየትም ከሀዲያ መውጣት አያስፈልግም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሀዲያ ገዥዎች ገራድ በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር። የገራድ መሐመድ ልጅ እሌኒ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች። ጋብቻው ፖለቲካዊ ነበር፤ ገባሩን ግዛት ከቤተ መንግሥቱ ጋር በዝምድና የሚያስተሳስር። ተጠምቃ ግራ በአልቲሐት የሚለውን የንግሥትነት ማዕረግ የተቀበለችው ይህች የሙስሊም ገራድ ልጅ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1468 ካረፈ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ቆይታ በእደ ማርያምን፣ እስክንድርንና ናዖድን ሲነግሡ አየች። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 በልጅነቱ ሲነግሥ የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት ከመሩት ሁሉ ዋነኛዋ እሷ ነበረች። በቀይ ባሕር የሙስሊም ኃይል እየገፋ መምጣቱን ተረድታ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው በዚያን ጊዜ ነው። መልእክተኛው በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ምፅዋ የደረሱት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1520፣ እሌኒ በሕይወት ሳለች ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ነገር ቸል የሚባል አይደለም። በዘር ውርስ የቆመ መንግሥት አንድን ሕፃን ያነግሣል፤ ይህ ትልቁ ድክመቱ ነው። ነገር ግን ያ ሕፃን እስኪያድግ ድረስ በአራት ንጉሥ ዘመን ልምድ ያካበተች ሴት አገሩን እንድትመራ ቦታ ሰጥቷል። የረጅም ጊዜ ትውስታና የውጭ ጉዳይን አርቆ የማየት ብቃት በተደጋጋሚ ሹም ሽር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። እሌኒ ለዚያ ሥልጣን የበቃችው በጋብቻና በዕድሜ እንጂ በሕዝብ ፈቃድ አልነበረም፤ ቢሆንም ቦታው የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልታ ነበር።

በትውልድ አገሯ የዙፋኑ ነገር እምብዛም አልቀናም። የመሐመድ ልጅ ገራድ ማሒቆ በዘርዐ ያዕቆብ ላይ አምፆ ግብር ከለከለ፤ የቀቤናና የሐላባ ገራዶች ሳይቀሩ በሴራው እንደነበሩበት የንጉሡ ዜና መዋዕል ይገልጻል። ማሒቆ ተገደለ፤ ሹመቱ ለአጎቱ ለባሞ ተሰጠ። ይህ የሆነው በእሌኒ ዘመዶች መካከል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከዚያ ወዲህ የሀዲያ ገራድ ማን እንደሚሆን የሚወሰነው በንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የኢማም አሕመድ ጦር አገሩን ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ1568 እስከ 1569 ደግሞ ገራድ አዜ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ተሸነፈ። ወዲያው የኦሮሞ መስፋፋት ደረሰ፤ የጥንቱ ሀዲያ ከብዙ ይዞታው ለቀቀ፤ ከፊሉ ሕዝብ ከመጤው ጋር ተቀላቀለ፤ ከፊሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መኖሪያው ተሰበሰበ።

በአዲሱ መኖሪያ የቆመው አገዛዝ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ገራድ ወይም አዲል የሚሉት የክብር ስሞች አልጠፉም፤ ግን ሁሉን ጠቅልሎ የሚያዝ አንድ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ሥልጣኑ በየደረጃው ለተቀመጡ ዳናዎች ተከፋፈለ፤ ዳና ማለት የቤተሰብ፣ የንዑስ ጎሳ ወይም የጎሳ አለቃ ነው። አንድ ሰው ዳና የሚሆነው ንግግር አዋቂ፣ ፍርድ አዋቂ፣ ለሰው የሚያካፍል፣ ከአባቶች የወረደውን የሴራ ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑ ታይቶ ነው። የአባት ስም ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያበቃም። የዳና ልጅ ዳና የሚሆነው ሽማግሌዎቹ ይገባዋል ሲሉ ብቻ ነው።

ጉባኤው የሚቀመጠው ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመንደሩ ሜዳ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ አንድ ነገር ከሥሩ ሳይጣራ ፍርድ አይሰጥም፤ ቀኑ ከመሸ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ዳናው ንግግሩን ያስተካክላል፤ ሰው ሁሉ የሚለውን ካለ በኋላ የተስማሙበትን ያሳርጋል። ብቻውን ፈርዶ የሚነሣ ዳና ነገ የሚሰማው አያገኝም። እምቢተኛ የሚቀጣው በወታደር አይደለም። ጎረቤቶቹ እሳት አይጫጫሩትም፣ በደቦ አይረዱትም፣ ቤቱ ለቅሶ ቢገባ አይደርሱለትም። በእንሰት አገር፣ እርሻውም የቤት ሥራውም በጉልበት ትብብር በሚቆምበት ኑሮ፣ ከዚህ የከበደ ቅጣት ማግኘት ያዳግታል። ቅጣቱ ለዳናውም አይመለስም፤ ያጠፋ አለቃ በዚያው ጉባኤ ፊት ይቆማል።

ይህን አሠራር ያለ ነቀፋ ማወደስ ግን ሐቁን መሸፈን ይሆናል። ሴቶች በጉባኤው ድምፅ አልነበራቸውም። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች በሀዲያም በከምባታም እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠሩም ነበር፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ መሬትም ሆነ የመናገር መብት አያገኙም። በዚህ ረገድ ንጉሥ ያለው ሕዝብም ንጉሥ የሌለውም ሕዝብ አንድ ነበሩ። ሁለተኛው ጉድለት ጦርነት ሲመጣ ይታያል። ሌሞ ሲጠቃ ሶሮ ለመድረስ አይገደድም፤ የሚያስገድደው የበላይ የለምና።

ከምባታ በተቃራኒው አንድ ራስ ነበረው። አገሩ በአሮጌ ምንጮች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠቀሳል። ለውጭ ሰው ዓይን ቀረብ ብሎ የሚታየው ግን በ1600ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ለሮማው ጳጳስና ለስፔን ንጉሥ ደብዳቤ ይደርስለት ዘንድ ኢየሱሳዊውን አንቶኒዮ ፈርናንዴዝን እ.ኤ.አ. በ1613 በደቡብ በኩል ወደ ማሊንዲ ጠረፍ ላከው፤ ፍቁረ እግዚእ የሚባል መልእክተኛም አብሮት ነበር። በእናርያና በየም አልፈው ከምባታ ሲደርሱ አገሩን የሚገዛው ሀመልማል ነበር። መንገዳቸውን ያሰናከለው የሐላባው ሙስሊም ገዥ አሊኮ ነው፤ ይዞ አስሮ ከሐላባ ወዲያ ሳያሳልፋቸው መለሳቸው። ከዚህ የጉዞ ታሪክ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ከምባታ ለንጉሠ ነገሥቱ በስም ያደረ፣ በተግባር ግን በራሱ ገዥ የሚመራ ምድር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ለእንግዳና ለመልእክተኛ የሚያነጋግረው አንድ የታወቀ ሰው መኖሩ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሀዲያ ሰፈሮች የሚመጣ መልእክተኛ ግን ደብዳቤውን ለስንት ዳና ማንበብ እንዳለበት አያውቅም።

በኋላ ዘመን ከምባታን የገዙት ዎማዎች ከኦየታ ጎሳ የወጡ ነበሩ። የመንግሥቱ ምሥረታ በቃል ታሪክ ሲነገር የሀምበሪቾ ሰባት ቤተሰቦች በሚባሉት ጎሳዎች ላይ ይቆማል። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ጠላት ሲመጣ ምሽግ፣ በሰላም ጊዜ የተቀደሰ ስፍራ ነበር። በቅርብ ዓመታት ለጎብኚ የተሠራለት የደረጃ መውጫ 777 እርከን እንዲኖረው የተደረገውም የሰባቱ ቁጥር በሕዝቡ ዘንድ ስላለው ቦታ ነው። ዎማው ጦር ያዝዛል፤ ዳር ድንበር ያስጠብቃል፤ ትልቅ ሙግት የመጨረሻ የሚያገኘው በእሱ ፊት ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን አይገዛም፤ የጎሳ ሽማግሌዎች ምክር አለበት፤ የየመንደሩ ጉዳይም ከሀዲያው ባልተለየ ሁኔታ በሴራ ይዳኛል። ስለዚህ የከምባታ ንጉሥ ከጉባኤ በላይ የተቀመጠ እንጂ ጉባኤ ያጠፋ አልነበረም። ጠባቡ አገር በኃያላን ጎረቤቶች መካከል ለረጅም ጊዜ ራሱን ችሎ የመቆየቱ ምስጢር ይህ ይመስላል፤ ለጦርነት አንድ ራስ፣ ለፍርድ ብዙ ሽማግሌ።

የመጨረሻው ዎማ ዲልባቶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ደቡቡን ሲያቀና ከምባታም ተያዘ፣ የኦየታ ዙፋንም አበቃ። በሀዲያና በጉራጌ በኩል ደግሞ ሐሰን እንጃሞ የሚባል የቀቤና መሪ ሙስሊሞችን አስተባብሮ ከራስ ጎበና ዳጬ ጋር ተዋግቷል። ሐሰን የዙፋን ወራሽም አልነበረም፣ ሽማግሌ የሾመው ዳናም አልነበረም። በሃይማኖትና በጦር ብቃት የወጣ ሰው ነው። የተበታተኑት ጎሳዎች አንድ መሪ የሚያስፈልጋቸው ሰዓት ሲደርስ ከልማዱ ውጭ ሰው አወጡ፤ ሰውየው ሲሸነፍ ግን ትግሉን የሚረከብ ተቋም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሁለቱም ሕዝብ የበላይ አዲስ አበባ ያለው ንጉሠ ነገሥት ሆነ። የቅርቡ ገዥ የአድዋውን መድፈኛ የመሩት አባተ ቧያለው ነበሩ። ከምባታን ሲገዙ መቀመጫቸው ያደረጉት ዋቸሞ የሚባለው ስፍራ ነው፤ ከተማው በኋላ ሆሳዕና የሚለውን የበዓል ስም ያዘ። የጥንቱ ስም ዛሬ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይጠራል። ገበሬው በገባርነት ለነፍጠኛው ተደለደለ፤ እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፣ ማር ያስገባል። ከአገሬው ወገን ባላባት የተባሉ ሰዎች በገዥውና በገባሩ መካከል ቆሙ። ቀደም ሲል ለጎሳቸው ተጠያቂ የነበሩ ሽማግሌዎች አሁን የሚጠየቁት ለሾማቸው ገዥ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ለውጥ ይህ ነው፤ ሰው መራራ አለቃን የሚያወርድበት መንገድ ተዘጋ፤ አቤት ማለት ያለበት ቦታም የብዙ ቀን መንገድ ራቀ።

የዘውዱ ትልቅ ድክመት ከመሐል አገር ቢመጣም ከከምባታ ጋር የሚያገናኘው ክር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጽኑ ሕመም ወደቁ፤ መናገር እስኪሳናቸው ደረሱ። በሕይወት ያለ ንጉሥ አይሻርም፣ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ነበሩ፤ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ወዲያው የቀድሞው የከምባታ ገዥ ራስ አባተ ግቢውን በጦር ለመያዝ ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም፤ በኋላ ታስረው ወደ መቅደላ ተላኩ። ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሆን ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። አንዲት አገር ስምንት ዓመት ያህል እውነተኛ ራስ ሳይኖራት ኖረች ማለት ነው። ገዥው መሥራት ሲያቅተው የሚተካበት ሕግ ባለመኖሩ ብቻ ነው ይህ ሁሉ የደረሰው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከማን ዘር እንደማይወጣ በጽሑፍ አጸና። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1957 በከምባታ አውራጃ ያለ ሰው፣ 21 ዓመት የሞላት ሴትም ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴ መረጠ። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ዕጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልጋል፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነው። የገባር ልጅ ድምፅ ሰጠ፤ ዕጩ ሆኖ መቅረብ ግን አልቻለም። እንዲያም ሆኖ ያ ቀን ቀላል አይደለም፤ ከዳናዎች ዘመን ወዲህ በዚህ ምድር ተራው ሰው ማን ይምራኝ ተብሎ የተጠየቀበት የመጀመሪያው ቀን ነውና።

ከመንግሥት ውጭ ደግሞ የመምረጥ ልማድ በሌላ በር እየገባ ነበር። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ወንጌላውያን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና ጣቢያ ከፈቱ። ኢጣሊያ አገሩን ስትይዝ ሚሲዮናውያኑ ለመውጣት ተገደዱ፤ ጥቂት የነበሩት አማኞች ብቻቸውን ቀሩ። በሀዲያ፣ በከምባታና በወላይታ አብያተ ክርስቲያናቱ በነዚያ ዓመታት ተባዙ፤ የሚመሯቸው ሽማግሌዎች ከየጉባኤው የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። ሽማግሌ መምረጥ፣ የመባ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ማቅረብ፣ ያጠፋን አገልጋይ ከአገልግሎት ማገድ፣ እነዚህ ሁሉ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አልሆኑበትም። አያቱ በዛፍ ሥር ያደርጉት የነበረው ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ መጀመሪያ ልዑል አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ ነበር፤ ለሕክምና ውጭ የነበሩት ልዑል አልመጡም፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ዘውዱ በዐዋጅ ቀረ። ለሀዲያና ለከምባታ ገባር ከዘውዱ መውረድ የበለጠ ያስደሰተው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ሊቀ መንበሩን መረጠ፣ የመሬት ክርክሩን በራሱ የፍርድ ሸንጎ ይዳኝ ጀመር። የታችኛው እርከን በምርጫ ሲተካ የላይኛው ግን በጥይት ነበር የሚተካው። ጄኔራል አማን አንዶም በ1967 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በ1969 ዓ.ም. ተገደሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። አንድ ፓርቲ ብቻ ባለበት አገር ሌላ ዕጩ አልነበረም፤ ስማቸው ፕሬዚዳንት ይሁን እንጂ ሥልጣናቸው ከማንኛውም ንጉሠ ነገሥት የሚያንስ አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጥያቄውን በሌላ መንገድ ፈታው። አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱን ርዕሰ ብሔር ያደርጋል፤ የመንግሥቱ አስፈጻሚ ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ዕጩውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፤ የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ አይቻልም። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፣ አምባሳደሮችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ይሾማል፣ ኒሻን ይሸልማል፣ ይቅርታ ያደርጋል። የጸደቀ ሕግ ለፊርማ ይቀርብለታል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ግን ሕጉ ያለ እሱ ፊርማ ይጸናል። ይህ አንድ አንቀጽ የቦታውን ክብደት ልክ ያሳያል።

በዚህ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ታሪክ ደግሞ ቦታው ምን ያህል በሰውየው እንደሚወሰን ይመሰክራል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከገዥው ፓርቲ ጋር ተጣልተው በ1994 ዓ.ም. ሲወጡ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ እንዳይሳተፍ የሚከለክል ዐዋጅ ወጣ። እሳቸው በ1997 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ ጥቅማ ጥቅማቸውንም አጡ። ተከታያቸው ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በንጉሡ ዘመን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩ ናቸው። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከእሌኒ ሞት እስከዚያ ቀን አምስት መቶ ዓመት ገደማ አልፏል፤ በሥልጣን ሲመዘን ግን የሀዲያዋ ንግሥት ከፕሬዚዳንቷ እጅግ የበለጠ ነበራት።

የሆሳዕና ነዋሪ ድምፁን ከልብ የሰጠው ለዚህ ወንበር አይደለም፤ ተጠይቆም አያውቅ። ኢትዮጵያውያን ርዕሰ ብሔራቸውን በቀጥታ መርጠው አያውቁም። የአካባቢው ሰው ምርጫን በብርቱ የያዘው ለፓርላማ መቀመጫ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የመሩት የሀዲያ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በሀዲያ ገዥውን ፓርቲ ተገዳደረ። ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ፤ ድርጅቱ መቀመጫ አገኘ። በመላው አገሪቱ ተቃዋሚ በጥቂት ቦታ ብቻ በቀናበት ዓመት ሀዲያ ከእነዚያ ጥቂት ቦታዎች አንዱ መሆኑ፣ አለቃን በክርክር የማውረድ ልማድ እዚህ ምን ያህል ሥር እንዳለው ይናገራል።

በሌላው ዓለም ሁለቱም መንገድ ይሠራል። በብሪታንያ፣ በስዊድንና በጃፓን ንጉሡ ወይም ንጉሠ ነገሥቱ ይነግሣል እንጂ አይገዛም። ጀርመንና ሕንድ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በጉባኤ የተመረጠ፣ ከፓርቲ ሙግት በላይ የሚቆም ፕሬዚዳንት አላቸው። አየርላንድ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ፕሬዚዳንት በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ ትመርጣለች። የዘውድ ደጋፊዎች ንጉሥ ከፓርቲ ነጻ ነው፣ ለትውልድ ያስባል ይላሉ፤ እሌኒን ያየ ይህን አይክድም። ሆኖም በኢትዮጵያ ዘውዱ ሥልጣኑን ለምክር ቤት አስረክቦ በክብር ብቻ ለመኖር ጊዜም ፈቃድም አላገኘም። ከአማኖ እስከ ምኒልክ ሕመም፣ ከዚያም እስከ 1967 ዓ.ም. የታየው አንድ ዓይነት እንቅፋት ነው፤ መሥራት ያቃተውን ሰው በሰላም የሚያነሣ ሥርዓት መታጣቱ። በዚህ መለኪያ ሲታይ የሚመረጥና ዘመኑ ሲያልቅ የሚወርድ ርዕሰ ብሔር ይሻላል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ያረጋገጡት ደግሞ የምርጫ ስም ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ ነው፤ ሌላ ዕጩ የማይቀርብበት ምርጫ ከውርስ አይለይም።

የሀዲያ ዳና አመራረጥ ከዛሬው የፕሬዚዳንት አመራረጥ የሚበልጥበት ቦታም እዚሁ ላይ ነው። ዳናው ከመሾሙ በፊት ሰዎች ለዓመታት ሲናገር ሰምተውታል፣ ሲፈርድ አይተውታል፣ ጎረቤቶቹ ስለ እሱ በአደባባይ ተከራክረዋል። በፌዴራሉ ምክር ቤት ግን የዕጩው ስም ቀርቦ በዚያው ዕለት መጽደቁ የተለመደ ነው። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡትም በዚሁ አካሄድ ነው። ሕገ መንግሥቱ ዕጩዎች ከአንድ በላይ እንዳይሆኑ፣ በሕዝብ ፊትም እንዳይጠየቁ አይከለክልም፤ ልማዱን መቀየር የምክር ቤቶቹ ፈንታ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ሐላባ፣ ጉራጌ፣ ስልጤና የም በአንድ ክልል ተሰባስበዋል፤ ርዕሰ መስተዳድሩን የክልሉ ምክር ቤት ይመርጣል። ከምክር ቤቱ አዳራሽ ርቀው በሚገኙት ቀበሌዎች የደም ካሳ፣ የድንበርና የጋብቻ ክርክር አሁንም በአገር ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፤ ሴቶችና የእደ ጥበብ ባለሙያዎችም ከአያቶቻቸው ዘመን ይልቅ ድምፃቸውን የሚያሰሙበት ዕድል አግኝተዋል።